ቱቦው ላይ የታሰረው ካርቶን

ፊክስበርግ፣ ማርች 14 ቀን 1997

ፑሴ ልጄ፣

ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ግን ከእኔ ጋር መኖር የሰለቸው ይመስላል። እማማ ማሴሎም ደህና ናት። ሳል ቢጤ ይዟት ነበር፣ እየተሻላት ነው። «ያቺ ልጅ አሁንም ምሳዋን ረስታ እቶን ስትጠብቅ ነው የምትውለው?» ብላ ትጠይቃለች። አይደለም ብዬ ዋሽቼልሻለሁ።

ጡረታ እንዴት ነው ላልሽኝ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ቱቦ ሳጥብና ጋዝ ስገጥም ኖሬ አሁን የጎረቤት የውሃ ቧንቧ እጠግናለሁ። «ሞሌፊ፣ ጆሃንስበርግ ሥራህ ምን ነበር?» ይሉኛል። «ካታሊስት» እላለሁ። «እሱ ደግሞ ምንድነው?» «ራሱ ሳያልቅ ሌላውን የሚያቻኩል ነገር ነው።» ማሴሎ ከጓዳ ሆና «እንግዲያው ሚስት ማለት ነዋ!» ብላ ታስቃቸዋለች።

የጠየቅሽኝን ነጭ ሸክላ ከካሌዶን ወንዝ ዳር ቆፍሬ በማርማላታ ቆርቆሮ ልኬልሻለሁ። እዚህ ሴቶቹ የቤት ግድግዳ ይቀቡበታል። አንቺ ደግሞ ጋዝ ልታሳልፊበት ነው። ይቅናሽ።

ስለ ቱቦው የጠየቅሽኝን ግን አልወደድኩትም። በገዛ እጄ ቆርጬና ሞርጄ የሠራሁትን፣ ጡረታ በወጣሁበት ቀን የሰጠሁሽን የብረት ቱቦ «ታጥቧል ወይ?» ትይኛለሽ? የታሰረበትን ካርቶን አላየሽም? በዚያ ቤት «ታጥቧል፣ ባዶ ሙከራ ተደርጓል፣ ሞ. ሞ.» ብዬ ስጽፍ ማን ጠይቆኝ ያውቃል? ስድስት ዓመት ከጎኔ ቆመሽ የተማርሽው ይሄን ነው?

በይ፣ ጤናሽን ጠብቂ።

ሞሌፊ ሞኩዌና

ጆሃንስበርግ፣ ጁን 2 ቀን 1997

ንታቴ ሞሌፊ፣

አባቴ፣ በቅድሚያ ይቅርታ። ካርቶኑን አይቼዋለሁ፤ እንዲያውም ከጠረጴዛዬ በላይ ሰቅዬዋለሁ። አዲሷ የላቦራቶሪ ኃላፊ ሁሉን በቅጽ ሙሉ ስለምትለን ነው እንጂ እርስዎን ተጠራጥሬ አይደለም። አይቀየሙኝ። የእማማ ሳልስ ለቀቃት? ስለ እሷ በጣም አሳጥረው አለፉብኝ።

አሁን ይቀመጡ። ተቀመጡ? ሸክላው ሠራ!

ሌላው ሁሉ ያን ውድ ብረት፣ ኮባልትን፣ በሚጠቀምበት ሥራ እኔ የእርስዎን የወንዝ ዳር ሸክላ ፈጭቼ፣ አጥቤ፣ ቱቦው ውስጥ ሞልቼ ጋዙን ለቀቅኩበት። በሁለተኛው ቀን በቀዝቃዛው ጠርሙስ ግርጌ ሰም የመሰለ ነጭ ነገር ተቀመጠ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ወጣ። ኮባልት ያልነካው፣ ከሜዳ የተዛቀ ሸክላ ጋዝን ወደ ሰም ለወጠ! ከጎኔ የምትሠራው ታንዴካ «አንቺ፣ ይሄን ከየትኛው ጠንቋይ ነው ያመጣሽው?» አለችኝ። «ፊክስበርግ ቧንቧ ከሚጠግን ጠንቋይ» አልኳት።

ፕሮፌሰር ቫን ቶንደር ለካታሊስት ማኅበሩ የኖቬምበር ጉባኤ ጽሑፍ አስገቢ ብለውኛል። ማኅበሩን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ለተማሪ መኝታውንና መጓጓዣውን ይችላሉ፣ ሰው ከሚፈልጉ ፋብሪካዎች ጋር ያገናኛሉ። ዋናው ግን ሽልማቱ ነው። ከተማሪዎች ሁሉ የተሻለ ንግግር ያቀረበ አንድ ዓመት ፈረንሳይ፣ ሊዮን፣ ሄዶ ይሠራል። የእኔ የትምህርት ድጋፍ በጃንዋሪ ያልቃል። ሽልማቱን ካላገኘሁ ወደ ተወለድኩባት ከተማ፣ ቤተልሔም፣ ተመልሼ አጎቴ ባገኘልኝ ትምህርት ቤት ጠመኔ ይዤ መቆሜ ነው። ከዚህ እቶን አንዴ ከራቅኩ ተመልሼ እንደማልመጣ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ሁሉ ነገሬ ኖቬምበር ላይ ነው።

ፕሮፌሰሩ ከመፈረማቸው በፊት «ባዶ ሙከራውስ?» አሉ። «ቱቦው የንታቴ ሞሌፊ ነው፤ ካርቶን አለው» አልኳቸው። ሳቁና «እንግዲያው አለቀ» ብለው ፈረሙ።

ለእማማ ንገሯት። ምሳዬን በልቻለሁም በሏት።

ልጅዎ ፑሴሌትሶ ሌሴኛ

ፊክስበርግ፣ ጁን 20 ቀን 1997

ፑሴ፣

ደስ ብሎኛል። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እማማ ትንሽ ደክሟታል፣ ብርዱ ነው። ስነግራት ግን ፈገግ አለች።

ከደብዳቤሽ ቀጥሎ በላክሽው ካርድ ለምን የማኅበሩ አባል እንዳልሆንኩ ጠይቀሻል። የመጀመሪያው ጉባኤ ሲደረግ የፖስተር መስቀያ ሰሌዳዎቹን የጠረብኩት እኔ ነኝ፤ እስካሁን በእነሱ ይገለገላሉ። የአባልነት ቅጹ ላይ ግን «ዲግሪ» የሚል ሳጥን አለ። እሱን ባዶ ትቼ አስገባሁ። ጸሐፊው በጨዋ ደንብ መለሰልኝ። ከዚያ በኋላ ስምንት ጉባኤ ፕሮጀክተር ተሸክሜ ሄጃለሁ፤ ምሳዬንም ከአስተናጋጆቹ ጋር ወጥ ቤት በልቻለሁ። አልከፋኝም ብል ውሸት ነው። ሥጋው ግን ወጥ ቤት ይሻል ነበር።

አንድ ነገር ላዝሽ። ባዶ ሙከራውን ራስሽ ድገሚው። ቱቦውን ምንም ሳትሞይበት እቶን ውስጥ አስገቢና ሦስት ቀን ጋዝ ልቀቂበት። ጠርሙሱ ባዶውን ከቀረ እሰየው፣ ሥራው የሸክላው ነው። ካርቶኑን ተይው። ሽማግሌ ሰው ይሳሳታል።

ሞሌፊ

ጆሃንስበርግ፣ ኦገስት 18 ቀን 1997

ንታቴ፣

ስለዘገየሁ ይቅር በሉኝ። ጉባኤው ጽሑፌን ተቀብሎታል፤ ኖቬምበር 20፣ ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ እናገራለሁ። ከምሳ በኋላ ማለት ግማሹ አዳራሽ ይተኛል ማለት ነው ይሉኛል። እኔ አላስተኛቸውም።

ባዶ ሙከራውን አልሠራሁትም። ይቆጡኝ። እቶኑ አንድ ነው፤ ተራ የምንይዘው በር ላይ በተለጠፈው ወረቀት ነው፣ እኛ ደግሞ አምስት ነን። እስከ ጉባኤው የሚደርሰኝ የእቶን ተራ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። እሱንም ለሙቀት ልኬቶቹ እፈልገዋለሁ፤ ያለ እነሱ ንግግሩ ንግግር አይሆንም። ታንዴካማ «ባዶ ድስት ጥደሽ ሦስት ቀን እራት ልትጠብቂ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ።

ግን አንድ ነገር አሳስቦኛል። አንዴ በደብዳቤ፣ አንዴ በስልክ፣ ሁለት ጊዜ አዘዙኝ። በስልኩ ደግሞ ድምፅዎ የእርስዎ አልነበረም። እማማን ላናግራት ስል «ተኝታለች» አሉኝ፤ በእኩለ ቀን። የሚደብቁኝ ነገር አለ? አለ ወይም የለም ይበሉኝ። አለ ካሉኝ ልኬቱንም ትቼ ባዶውን ቱቦ እሠራለሁ።

ፑሴ

ፊክስበርግ፣ ሴፕቴምበር 3 ቀን 1997
(ያልተላከ)

ፑሴ፣

አለ።

ጡረታ የወጣሁበትን አርብ ታስታውሺዋለሽ። ለአራት ሰዓቱ የስንብት ሻይ ኬክ ሳይቀር መጥቶ ነበር። በዚያች ቱቦ አሥራ አንድ ዓመት ኮባልት ሠርቼባታለሁ። ኮባልት ብረት ውስጥ ሰርጎ ይቀመጣል፤ ሁለት ጊዜ በናይትሪክ አሲድ ካልተቀቀለ አይለቅም። ከዚያ ሦስት ቀን ባዶ ሙከራ። ይሄን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።

በዚያ ሳምንት ልሠራው አስቤ ካርቶኑን ሰኞ ጠዋት ጻፍኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ነበር የማደርገው፤ አስቀድሜ ጽፌ ሥራው ሲያልቅ አስረው ነበር። ሰኞ ከሰዓት ስልክ ተደወለ። ማሴሎ ገበያ ውስጥ ወድቃ ነበር። ሳምንቱን ሆስፒታል ስመላለስ አለቀ። አርብ ዕለት ሁላችሁም ስታጨበጭቡ በእጄ የምሰጥሽ ነገር አልነበረኝም። ቱቦዋን በአሴቶን ወለወልኳት፣ ካርቶኑን አሰርኩ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ ሰጠሁሽ። ከመጠቀሟ በፊት እነግራታለሁ አልኩ። ቀን ቀንን እየወለደ ሄደ። በማርች ስትጠይቂኝ አፍሬ ተቆጣሁሽ።

ስለዚህ ያ ሰም የሸክላው አይመስለኝም። የእኔ አሮጌ ኮባልት ነው። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል። ባዶውን ቱቦ ብትሠሪ ታውቂዋለሽ። ብትሠሪው ግን ሊዮን የለም፤ ይሄን እያወቅኩ ይሄን ደብዳቤ እንዴት እንደማሽገው...

ፊክስበርግ፣ ሴፕቴምበር 5 ቀን 1997

ፑሴ ልጄ፣

የምደብቅሽ ነገር ነበር። እማማ ማሴሎ ጁላይ 5 ቀን አረፈች። ሳል አልነበረም። በቀጣዩ ቅዳሜ ቀበርናት፤ ልጃችን ሴሎ ከዌልኮም ከማዕድን ሥራው ፈቃድ ተቀብሎ መጥቶ ነበር። በሬ አረድን፣ ሰው ሞላ፣ ከላቦራቶሪው ግን ለማንም አልነገርኩም። ያ ሳምንት የእቶን ተራሽ ነበር። ብትሰሚ ጥለሽው ትመጪ ነበር፣ ተራሽንም ሌላ ይወስደው ነበር። እሷም «እንዳትነግራት» ብላኛለች። በዚህ አትቀየሚኝ፤ መቀየም ካለብሽም እኔን ተቀየሚ።

ብርድ ልብሷን ለእህቷ ሰጠሁ። ጫማዋን ገና አልሰጠሁም። ቤቱ ጭር ብሏል፤ ከጓዳ የሚመልስልኝ ሰው ስለሌለ ቀልድ መናገር ትቻለሁ።

ሌላ የምደብቅሽ የለም። ልኬትሽን ሥሪ።

ሞሌፊ

ጆሃንስበርግ፣ ኖቬምበር 23 ቀን 1997

ንታቴ፣

በሴፕቴምበር የጻፍኩት የሐዘን ደብዳቤ እንደደረስዎ ሴሎ ነግሮኛል። መልስ ስላልሰጡ አልተቀየምኩም። መቃብሯ ድረስ ሳልመጣ ይሄን የደስታ ወሬ መጻፌ ያሳፍረኛል፤ ግን ከሌላ ሰው ሰምተውት ከሚያዝኑብኝ ልጻፈው።

ሽልማቱን ሰጡኝ። ሊዮን በጃንዋሪ መጨረሻ ነው።

ጉባኤው ድራከንስበርግ ግርጌ ባለ ሆቴል ነበር። ሦስቱንም ቀን ዘነበ፣ ተራራውን አንድ ቀን እንኳ አላየነውም። በእርስዎ ሰሌዳዎች ላይ ስልሳ ፖስተር ተሰቅሏል። አንዱ እግሩ ተሰብሮ በመጽሐፍ ደግፈውታል። ጠዋት ጠዋት የፋብሪካ ሰዎች ተማሪዎቹን አንድ በአንድ ጠርተው ያናግሩ ነበር፤ እኔንም ሁለት ቦታ ጠሩኝ።

ስናገር አንድም ሰው አልተኛም። ስጨርስ ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽበታም ሰው ተነሡና «ልጄ፣ የብረት ቱቦ ትዝታ አለው። ባዶ ሙከራውን ማን ሠራው?» አሉኝ። ካርቶኑን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ነበር። አውጥቼ ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። «ሞሌፊ ሞኩዌና» አልኩ። ወዲያውም ወደ ቦርሳዬ መለስኩት። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፣ ከዚያም አጨበጨበ። ሰውየው «በሞሌፊ ካርቶን ላይ ጥያቄ የለኝም» ብለው ተቀመጡ።

ማታ በጠቅላላ ስብሰባው ፕሮፌሰር ቫን ቶንደር ተነሥተው «ይሄ ማኅበር ለዚያ ሰው ዕዳ አለበት» አሉ። እጅ ወጣ፣ አንድም ተቃውሞ የለም። የክብር አባል ሆነዋል፣ ንታቴ። ከዲግሪ ውጭ የመጀመሪያው። የምስክር ወረቀቱን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ፤ ወጥ ቤቱም ውስጥ አስተናጋጆቹ ሲሰሙ አጨብጭበዋል።

እማማ ብታየው።

ፑሴ

ፊክስበርግ፣ ኖቬምበር 30 ቀን 1997

ፑሴ፣

የምስክር ወረቀቱ ደረሰኝ። ስሜን በወርቅ ቀለም ጽፈውታል፣ ሆሄውንም አልሳቱም። ሁለት ቀን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሳየው ዋልኩ። ሴሎ መስታወት ያለው ክፈፍ ይዞ መጣ። ያኔ ነው የቆረጥኩት። ክፈፉን ባያመጣው ኖሮ ምናልባት ዝም እል ነበር፤ እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

ከዚህ ጋር በሴፕቴምበር የጻፍኩትና ያልላክሁት ደብዳቤ አለ። መጀመሪያ እሱን አንብቢ።

አነበብሽው? እንግዲህ እንዲህ ነው። በቀጥታ ጠየቅሽኝ፤ አለ ካሉኝ እሠራዋለሁ አልሽ። እኔ የማሴሎን ሞት አውጥቼ ሌላውን ውሸት ሸፈንኩበት። በሚስቴ ሬሳ ኮባልት ሸፈንኩ። ከእንግዲህ ይሄን ይዤ መቃብሯ ጋር መቀመጥ አልቻልኩም። ሊዮን ያሉት ሰዎች ሸክላውን በንጹሕ ቱቦ የሞከሩት ቀን ምንም አይወጣም፤ ያኔ በሰው አገር ብቻሽን የምትዋረጅው አንቺ ነሽ።

ለማኅበሩ ጸሐፊ ሁሉን ጽፌያለሁ። ጥፋቱ የእኔ ብቻ እንደሆነ፣ አንቺ ካርቶኔን አምነሽ እንደተናገርሽ ጽፌያለሁ። የምስክር ወረቀታቸውም አብሮ አለ። ሁለት ጊዜ ፖስታ ቤት ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። የአንቺን ዓመት በእጄ ሳጥን ውስጥ መጣል አልሆነልኝም። ፖስታው ይሄው፣ ቴምብር አለው፣ አልታሸገም። ትልኪውም እንደሆነ ታቃጥይውም እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። ፈሪ በይኝ፤ እውነት ነው።

ሞሌፊ

ቤተልሔም፣ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1998

ንታቴ ሞሌፊ፣

ሁለት ወር ተኩል ዝም ስላልኩዎት ይቅርታ አልጠይቅም።

ለማኅበሩ የጻፉትን ደብዳቤ ዲሴምበር በገባ በሁለተኛው ሳምንት ፖስታ ሳጥን ጨመርኩት። ከመጨመሬ በፊት ግን «ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው» የሚለውን ሰረዝኩና ከስር በራሴ እጅ ጻፍኩበት። የጻፍኩትን ለእርስዎም ልንገርዎት፤ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት።

የእማማን ሞት የነገሩኝ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ሌላ ማድረግ የምችለው ነገር አጣሁ። ቀብሯ ላይ አልቆምኩም። ስለዚህ ከእኔ የለመኑትን አንድ ነገር ልፈጽምልዎት አልኩ። ኦክቶበር 6 ቀን የታንዴካ ተራ ሲሰረዝ ቱቦውን ባዶውን እቶን ውስጥ አስገባሁት። በሁለተኛው ቀን ሰሙ ጠርሙሱ ግርጌ ነበር። መጠኑም ያው ነው። ባዶው ቱቦ ልክ እንደሞላው ሠራ።

ስለዚህ ካርቶኑን አዳራሽ ውስጥ ከፍ ሳደርገው አውቄ ነው። ዓይኔን በጨው አጥቤ። መጀመሪያ «ንታቴ ሚስቱን ቀብሯል፣ አሁን ደግሞ ስሙን ልቅበርበት?» ብዬ ነበር ለራሴ የነገርኩት። ያ ግማሹ ነው። ግማሹ ሊዮንን ስለፈለግኩ ነው። እርስዎ ሲዋሹኝ ቢያንስ አፍረዋል። እኔ ጭብጨባው ጥሞኝ ነበር።

ሽልማቱን ነጥቀው ከደርባን ለመጣ ልጅ ሰጡት። ጥሩ ልጅ ነው፣ ሥራውም ንጹሕ ነው። ፕሮፌሰር ቫን ቶንደር ኮሪደር ላይ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ። ጸሐፊው ለእርስዎ መልስ አልሰጡም መሰለኝ፤ ለእኔም የጻፉት ሁለት መስመር ነው። በማኅበሩ ዜና መጽሔት ስማችን የለም። የመጨረሻው ገጽ ላይ ግን የዘንድሮ ጉባኤ ማመልከቻ ወጥቷል፣ አንድ አዲስ መስመር ተጨምሮበታል፤ «ባዶ ሙከራውን ያደረገው ተማሪው ራሱ መሆኑን በፊርማው ያረጋግጥ» ይላል። ከሁለታችን እዚያ ማኅበር ውስጥ የቀረው ያ መስመር ነው።

አሁን የስምንተኛ ክፍል አጠቃላይ ሳይንስ አስተምራለሁ። ሃምሳ ሦስት ልጆች፣ አንድ የአልኮል ምድጃ። ትናንት አንዱ ልጅ «መምህር፣ ካታሊስት ምንድነው?» አለኝ። የእማማን መልስ ልነግረው ስል እንባ ቀደመኝ፣ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።

ቱቦውን በሴሎ እጅ ልኬዋለሁ። ላቦራቶሪውን ከመልቀቄ በፊት የመጨረሻ የእቶን ተራዬን ለቱቦው ሰጠሁት። የድሮውን ካርቶን ግን አልመልስልዎትም። ውሸት መሆኑን አውቄ ያነሣሁት እኔ ስለሆንኩ የእኔ ነው። አዲስ ጽፌ አስሬበታለሁ፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ነው የጻፍኩት። ሴሎ ሳይነበብ እንዳይፈታው ነግሬዋለሁ፣ እዚህም ገልብጬዋለሁ፤

«ሁለት ጊዜ በአሲድ ተቀቅሏል። ባዶ ሙከራ፣ ከጃንዋሪ 12 እስከ 15፦ ምንም አልወጣም። የካሌዶን ሸክላ ተሞልቶ፣ ከ16 እስከ 19፦ ምንም አልወጣም። ፑ. ሌ.»